ቀስ ያለ እሳት ለማፍጠሪያ

በረመዳን ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ያለችው ጊዜ የተለየች ናት። ከመስጊድ የቁርኣን ድምፅ ይሰማል። በመንገድ ዳር የሳምቡሳው ዘይት ይንጫጫል፤ የቴምር ሻጮች የመጨረሻዎቹን ገዢዎች ያስተናግዳሉ፤ ጾመኛው ከሥራ ወደ ቤቱ ይቻኮላል። ቤቱ የደረሰ ተጣጥቦ ይቀመጥና እጁን ለዱዓ ይዘረጋል። ጾመኛ ሊያፈጥር ሲል የሚለምነው ልመና ተቀባይነት አለው ተብሎ ስለሚታመን፣ ያቺን ሰዓት ማንም በከንቱ ሊያሳልፋት አይወድም።

በእኛ ቤት ግን ለብዙ ዓመታት በዚያች ሰዓት አንድ ሰው ይጎድል ነበር። አባታችን ተቀምጧል፤ እኛ አምስቱ ልጆች ማዕዱን ከበናል፤ ቴምሩና ውሃው ቀርቧል። እናታችን ግን ወጥ ቤት ናት። ሾርባው እንዳያር ታማስላለች፣ ሳምቡሳውን ታገላብጣለች፣ ለሱሁር የሚሆነውን ወጥ ትጥዳለች። አዛኑ ሲሰማ «እማ ነይ!» ብለን እንጣራለን። «እናንተ ጀምሩ፣ መጣሁ» ትላለች። ስትመጣ ሾርባችን አልቋል። እሷ ራሷ አንዲት ቴምር ቆማ በልታ ነው የምትመጣው።

ይህ በእኛ ቤት ብቻ የሚታይ እንዳልሆነ ይህን የምታነቡ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ዛሬ በዚህ ገጽ የምናወጋችሁ ይህን ነገር ለመለወጥ ስላደረግነው ሙከራ ነው። መፍትሔው በከፊል ከአያታችን ጥቁር ብረት ድስት፣ በከፊል ደግሞ ከባሕር ማዶ ከመጣ አንድ የኤሌክትሪክ ድስት ተገኘ። ቀሪው ከራሳችን መምጣት ነበረበት።

አሥራ ዘጠነኛው ቀን

ነገሩ የተጀመረው ከሰባት ዓመት በፊት፣ በጾሙ አሥራ ዘጠነኛ ቀን ነው። እናታችን ከምድጃው ፊት ቆማ ሳለ ዓይኗ ጨለመባትና ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ጤና ጣቢያ ወስደን ስናስመረምራት «ደም ማነስ ነው» ተባለ። የብረት እንክብል ታዘዘላት፤ ዕረፍትም እንድታደርግ ተነገራት። ሕመምተኛ መፈተን እንደሌለበት ሃይማኖቱም ስለሚፈቅድ ቀሪዎቹን ቀናት ፈትታ በኋላ ቀዷዋን አወጣች።

ያን ዕለት ማታ ወጥ ቤት የገባነው እኛ ነበርን። እንዴት እንዳፈርን ለመናገር ይከብዳል። አንዱ ሾርባውን አሳረረ፤ ሌላዋ ሳምቡሳውን በተነችው፤ ሦስተኛው ጨው ሁለት ጊዜ ጨመረ። ከምሳ በኋላ ጀምረን አዛን እስኪል እግራችን ላይ ነበርን። ለዓመታት «እማ፣ ዛሬ ሾርባው ቀጠነ» እያልን ስናማርር የነበርነው ሰዎች እኛው ነን።

ያኔ ከደሴ ለመጠየቅ የመጡት አያታችን አንድ ነገር ተናገሩ። «ድሮ እኛ ምድጃ ስር ቆመን አንውልም ነበር፤ ድስቱ ራሱ ያበስላል፣ እኛ ሥራችንን እንሠራለን» አሉን። በሚቀጥለው ረመዳን ጥቁሩን ድስታቸውን አስይዘው ላኩልን።

ከረመጥ የተወለደ ጥበብ

በአማርኛችን «ብረት ድስት» ስንል ከሸክላ ያልተሠራውን ሁሉ ማለታችን ነው። በየሱቁ የሚታየው አብዛኛው ግን ብረት ሳይሆን አሉሚኒየም ነው፤ ቀላል ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ቶሎ ይፈላል፣ ቶሎም ያሳርራል። የአያታችን ድስት ሌላ ዓይነት ነው። ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ በሁለት እጅ እንጂ በአንድ የማይነሳ። በፈረንጆቹ አጠራር ካስት አይረን የሚባለው መሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን ድስት በአሸዋ ቅርጽ እያፈሰሱ በብዛት የመሥራት ዘዴ በእንግሊዝ የተስፋፋው አብርሃም ዳርቢ የተባለው ባለሙያ በ1707 የፈጠራ መብት ካገኘ በኋላ ነው።

የዚህ ድስት ጠባይ እንደ ሽማግሌ ነው። ቶሎ አይሞቅም፤ ከሞቀ ደግሞ ቶሎ አይበርድም። እሳቱ ከፍ ዝቅ ቢል ብዙ አይረበሽም። ስለዚህ አንዴ ከፈላ በኋላ በጣም ትንሽ እሳት ይበቃዋል። አያታችን ሌሊቱን እሳቱን በአመድ ይዳፍኑና ድስቱን ረመጡ ላይ ያስቀምጡት ነበር። ለሱሁር ሲነሱ ሾርባው ትኩስ ነው፤ ሥጋውም ከአጥንቱ ለቅቋል።

ረመዳን የሚለው ስም የመጣው በዐረብኛ የሚያቃጥል ሙቀትን ከሚገልጽ ቃል ነው። ለጆሯችን ከእኛው «ረመጥ» ጋር እንዴት እንደሚቀራረብ ልብ ይሏል። በሙስሊሙ ዓለም የጾሙ ምግቦች ብዙዎቹ የቀስታ እሳት ልጆች መሆናቸውም የሚገርም አይደለም። በካይሮ ፉል አንገቱ ጠባብ በሆነ ማሰሮ ሌሊቱን ሙሉ ሲንተከተክ አድሮ ለሱሁር ይወጣል፤ በቀደመው ዘመን ማሰሮዎቹ የሚያድሩት የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶችን ውሃ በሚያሞቀው ምድጃ ረመጥ ላይ ነበር። የሞሮኮዋ ማራከሽ ታንጂያ የተባለውን የሥጋ ምግቧን እስከ ዛሬ በዚያው መንገድ፣ በመታጠቢያ ቤት አመድ ውስጥ ታበስላለች። የሕንዷ ሃይደራባድ ደግሞ ስንዴ፣ ምስርና ሥጋ ለረጅም ሰዓት ተፈጭቶና ተማስሎ በሚሠራው ሐሊም ትታወቃለች፤ ምግቡ በ2010 በሕንድ የአካባቢ ስያሜ ጥበቃ አግኝቷል።

እኛ ደግሞ ሾርባችን አለን፤ አጃ ወይም የተከካ ስንዴ ከአጥንት ጋር ተቀቅሎ፣ በድንብላል ቅጠልና በቁንዶ በርበሬ የሚጣፍጠው። ይህ ሾርባ በችኮላ ሲሠራ እህሉ ለብቻው፣ ውሃው ለብቻው ይሆናል። በቀስታ ሲሠራ ግን እህሉ ራሱ ቀልጦ ያወፍረዋል።

ብረቱና ደማችን

አያታችን ድስቱን ሲልኩ ስለ ደም ማነስ አስበው አልነበረም። እኛ ግን ነገሩን ስናነብ በአገራችን የተደረገ አንድ ጥናት አገኘን። በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ይህ ጥናት በኢትዮጵያ 407 ቤተሰቦችን ያካተተ ነበር። ከየቤቱ አንድ ሕፃን ተመርጦ ለግማሾቹ ቤተሰቦች የብረት ድስት፣ ለቀሪዎቹ የአሉሚኒየም ድስት ተሰጠ። ከአንድ ዓመት በኋላ በብረት ድስት የበሰለ የበሉት ሕፃናት ከሌሎቹ ይልቅ የደም ማነስ ቀነሰላቸው፤ ዕድገታቸውም የተሻለ ሆነ።

ተመራማሪዎቹ የአገራችንን ምግቦች በብረት፣ በአሉሚኒየምና በሸክላ አብስለውም አወዳድረዋል። ሥጋና አትክልት በብረት ድስት ሲበስሉ ሰውነት ሊጠቀምበት የሚችለው ብረት ጨመረ። በጥራጥሬ ላይ ግን ሰውነት የሚወስደው የብረት መጠን በድስቱ ዓይነት አልተለወጠም። ስለዚህ «ምስሩን በብረት ድስት ሠርቻለሁና ደሜ ሞላ» ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንጨምር። ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከምግቡ ጋር ሲበሉ ሰውነት ብረቱን በተሻለ ይወስዳል። ሻይና ቡና ደግሞ ያግዱታል። ካፈጠሩ በኋላ ወዲያው በሾርባው ላይ ሻይ መደረብ የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ ደም ማነስ ያለበት ሰው ሻዩን ከተራዊህ በኋላ ቢያደርገው ይሻለዋል። ዋናው ነገር ግን ድስት መድኃኒት አለመሆኑ ነው። ራሱን የሚያዞረው፣ ልቡ የሚመታበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነችም ሰው ወደ ጤና ተቋም ሄዳ መመርመር አለባት። እናታችንን ያዳናት እንክብሉ ነው፤ ድስቱ ከጎኑ ቆሞ አግዟል።

ስለ አሉሚኒየሙም አንድ ቃል። በካሜሩን ከቁርጥራጭ ብረታ ብረት ቀልጠው የተሠሩ የአሉሚኒየም ድስቶችን የመረመረ በ2014 የታተመ ጥናት፣ ከድስቶቹ ወደ ምግብ እርሳስ እንደሚገባ አሳይቷል። እርሳስ በተለይ ለሕፃናት አእምሮ ጎጂ ነው። ምንጩ ከማይታወቅ ቁርጥራጭ የተሠራ ድስት ላላቸው ሰዎች ቢያንስ ቲማቲምና ሎሚ ያለበትን ምግብ በውስጡ ለረጅም ሰዓት አለማብሰልና አለማሳደር ይበጃል።

ድስቱን ማሟሸት

ጥቁሩን ድስት በመጀመሪያው ሳምንት ልናበላሸው ነበር። ሾርባው ካለቀ በኋላ ውሃ ሞልተን አሳደርነው፤ ጠዋት ውስጡ በሙሉ ዝጎ ቀይ ሆነ። በማላዊ የብረት ድስት የተሰጣቸው ቤተሰቦችም ያማረሩት ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም፤ ይከብዳል፣ ይዝጋል ብለው ነበር። እኛም «ይህ ድስት ሞተ» አልን። አያታችን በስልክ ሳቁብን። «ምጣድ ሲገዛ አይሟሽም? ድስትም ያው ነው» አሉን።

እውነትም ያው ነው። አዲስ የሸክላ ምጣድ በጎመን ዘር ሳይታሽና ሳይሟሽ እንጀራ እንደማይለቅ ሁሉ፣ የብረት ድስትም በዘይት መሟሸት አለበት። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ዝገቱን በሽቦ እስኪጠራ ድረስ ይፈትጉት። ካጠቡት በኋላ እሳት ላይ አድርገው ጨርሶ ያድርቁት። ከዚያ በጨርቅ ጥቂት የምግብ ዘይት ውስጡንም ውጩንም ይቀቡትና በሌላ ደረቅ ጨርቅ መልሰው ይጥረጉት፤ የሚቀረው ዘይት ለዓይን ሊታይ አይገባም። ዘይት ከበዛ ይንቦጫረቃል፣ ይጣበቃል። እሳት ላይ አድርገው ጭሱ እስኪቆም ያሙቁት፤ ከዚያ በራሱ ይቀዝቅዝ። ይህን ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ዘይቱ በሙቀቱ ኃይል ጠጥሮ እንደ ቀለም ከብረቱ ጋር ይያያዛል፤ ምግብ እንዳይያዝና ብረቱ እንዳይዝግ የሚከላከለው ይህ ሽፋን ነው።

ከዚያ በኋላ እንክብካቤው ቀላል ነው። ምግብ ሲወጣ ወዲያው በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ እሳት ላይ ማድረቅ፣ ጥቂት ዘይት መቀባት። ጥቂት ሳሙና አይጎዳውም፤ የሚጎዳው ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። የጋለ ድስት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስሱ፤ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቲማቲም የበዛበትን ወጥም ሽፋኑ በደንብ እስኪጠነክር ድረስ ለረጅም ሰዓት አያብስሉበት፤ ኮምጣጣ ነገር ሽፋኑን ይበላዋል፣ ወጡም ብረት ብረት ይላል።

ከባሕር ማዶ የመጣው ድስት

ሁለተኛው ድስት የመጣው በዋሽንግተን አካባቢ ከምትኖረው አክስታችን ነው። «እዚህ ሥራ የምንሠራ ሴቶች ጠዋት ጥደን ወጥተን ማታ ስንመለስ ደርሶ ይጠብቀናል» ብላ በሰው እጅ ላከችልን። ቀስ ብሎ የሚያበስል፣ ውስጡ ሸክላ የሆነ፣ የመስታወት ክዳን ያለው የኤሌክትሪክ ድስት።

የዚህ ዕቃ ታሪክ ከእምነት ጋር የተያያዘ ነው። ፈጣሪው ኢርቪንግ ናክሰን የተባለ የቺካጎ መሐንዲስ ሲሆን የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1940 ነው። ሐሳቡን ያገኘው በሊትዌኒያ ያደጉት የእናቱ ወገን አይሁዶች እሳት በማይነካበት በሰንበት ቀን የሚበሉትን ወጥ ዐርብ ማታ ወደ ዳቦ ጋጋሪው ምድጃ ልከው በቀሪው ሙቀት ሲበስል እንዲያድር ያደርጉ እንደነበር ከሰማው ታሪክ ነው። በ1970 መብቱን ለሌላ ኩባንያ ሸጠ፤ በ1971 ክሮክ ፖት በሚል ስም ገበያ ላይ ዋለና በየቤቱ ገባ። አያታችን በረመጥ፣ የናክሰን ዘመዶች በዳቦ ምድጃ፤ ጥበቡ አንድ ነው።

እኛ ግን ድስቱን በደስታ ሰካነውና ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቤቱ በጭስ ተሞላ። የአሜሪካ ዕቃ የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ የእኛ መስመር 220 ነው። በእንዲህ ያለ ማሞቂያ ላይ ይህ ልዩነት ከታሰበው ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል እንዲፈስበት ያደርጋል። የአክስታችን ስጦታ አንድ ሳህን ሾርባ ሳያበስል ተቃጠለ። ከዘመድ ዕቃ የምትቀበሉ ሁሉ፣ ከሥሩ የተጻፈውን ቁጥር ሳታነቡ አትሰኩ። አሁን የምንጠቀምበት ከዓመት በኋላ ከዱባይ የመጣ፣ ለ220 ቮልት የተሠራ ነው።

የዚህኛው ፍጆታ 200 ዋት ነው። ስምንት ሰዓት ቢሠራ 1.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል። 1,500 ዋት የሆነው ምድጃችን ለሦስት ሰዓት በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ 4.5 ይወስድ ነበር።

ስሕተቶቻችን

የኤሌክትሪኩ ድስት ዝም ብሎ ስለሚሠራ ሞኝ ሊያደርግ ይችላል። እኛን ሦስት ጊዜ አሞኝቶናል።

የመጀመሪያው ወጡ ነው። ሽንኩርቱን፣ በርበሬውን፣ ሥጋውንና ውሃውን አንድ ላይ ከተን ሄድን። ማታ ስንከፍተው ውሃ ውሃ የሚል፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ የሚሸት ነገር ጠበቀን። ክዳኑ እንፋሎቱን ስለማያወጣ ሽንኩርቱ አይቁላላም፣ መረቁም አይመጥም። መፍትሔው ሁለቱን ድስቶች ማጋባት ሆነ፤ ሽንኩርቱ በጥቁሩ ብረት ድስት ይቁላላል፣ በርበሬው ይበስላል፣ ሥጋው ይጠበሳል፤ ከዚያ ወደ ኤሌክትሪኩ ይገለበጣል። ውሃውም ከተለመደው በሲሶ ይቀነሳል።

ሁለተኛው ሊያስጠፋን የደረሰው ነው። አንድ ቀን ሾርባው ውስጥ ቀይ ቦሎቄ ጨመርንና ጥሬውን ጣድነው። ለስልሶ ነበር፤ ጣፋጭም ነበር። ወደ ተራዊህ ልንወጣ ስንል ግን ሁላችንንም አንድ ላይ ማስመለስ ያዘን። በኋላ እንደተረዳነው በቀይ ቦሎቄ ውስጥ በደንብ ካልፈላ የማይጠፋ መርዝ አለ፤ አራት ወይም አምስት ጥሬ ፍሬ እንኳ ለማሳመም ይበቃል። ቀስ ያለው ድስት ቦሎቄውን ያለሰልሰዋል እንጂ መርዙን ለማጥፋት የሚበቃ ሙቀት ላይ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ ቦሎቄ ቢያንስ አምስት ሰዓት ይዘፈዘፍ፤ የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋ፤ በአዲስ ውሃ በተራ ምድጃ ላይ እየተንፈቀፈቀ ይቀቀል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን 30 ደቂቃ ማፍላትን ይመክራል። ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ቀስታው ድስት ይግባ።

ሦስተኛው የመብራት ነገር ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ጥደን ወጣን፤ ስንመለስ ድስቱ ለብ ብሏል። መብራቱ መቼ ጠፍቶ መቼ እንደመጣ ማንም አያውቅም። በረመዳን ምግብ መድፋት ልብ ያደማል፤ እናታችን «ላፍላውና ልብላው» አለች። ግን ሥጋ ያለበት ምግብ ለሰዓታት ለብ ብሎ ከቆየ ተሐዋስያኑ የሚተዉት መርዝ በማፍላት ሁልጊዜ አይጠፋም። ደፋነው። ያን ዕለት በቴምር፣ በዳቦና ከጎረቤት በመጣ ሾርባ አፈጠርን።

ከዚያ ወዲህ የያዝናቸው ደንቦች እነዚህ ናቸው። ድስቱ ከግማሽ አያንስም፣ ከሁለት ሦስተኛው አይበልጥም። ከማቀዝቀዣ በረዶ ሆኖ የወጣ ሥጋ በቀጥታ አይገባም። «ማቆያ» የሚለው ቁልፍ የበሰለን ትኩስ አድርጎ ለማቆየት እንጂ ለማብሰል አይደለም። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ግማሽ ሰዓት ያህል ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ስለዚህ አይከፈትም። የተረፈው ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይም።

መብራትም ዕቃም ከሌለ

የኤሌክትሪክ ድስት የሌለው ሰው ምንም አልቀረበትም። ጥቁር ብረት ድስት ወይም ወፍራም ድስት፣ አንድ ትልቅ ቅርጫትና አሮጌ ብርድ ልብስ ይበቃል። ሾርባው በምድጃ ላይ ለሃያ ደቂቃ ያህል በደንብ ይንፈቅፈቅ። ሳይከፈት ከነክዳኑ ወርዶ ከታችም ከላይም በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቅርጫቱ ውስጥ ይቀመጥ። በያዘው ሙቀት ለሦስትና ለአራት ሰዓት መብሰሉን ይቀጥላል። ከመቅረቡ በፊት ግን የግድ እንደገና ይፍላ። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ የተጠቀለለ ሾርባ ለመግሪብ ይደርሳል፤ ከሰልም፣ ጋዝም፣ የሰው ጉልበትም ይተርፋል።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናሳስባለን። አያቶቻችን ረመጥ ዳፍነው የሚያድሩት ነፋስ በሚገባበት ጎጆ ወይም በውጭ ማድ ቤት ነበር። ዛሬ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሱሁር ብሎ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ነፍስ ያጠፋል። የከሰሉ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፤ የተኛውን ሰው አይቀሰቅሰውም።

የቤታችን ሾርባ

ለስምንት ሰው የሚበቃውን እነሆ። ግማሽ ኪሎ ሥጋ ያለው አጥንት፣ አንድ ተኩል ኩባያ የተከካ ስንዴ ወይም አጃ፣ ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ አምስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታክል ዝንጅብል፣ ሁለት ቲማቲም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የድንብላል ዱቄት፣ ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ።

ስንዴው ታጥቦ ጠዋት ይዘፈዘፋል። አጥንቱ በብረት ድስት ላይ በጥቂት ዘይት ይጠበሳል፤ ሽንኩርቱ ይጨመርና ወርቅማ እስኪሆን ይቁላላል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ድንብላል ይከተላሉ። ቲማቲሙ ሟሙቶ ሲያልቅ ሁሉም ከስንዴውና ከፈላ ውሃ ጋር ወደ ኤሌክትሪኩ ድስት ይገባል። በ«ከፍተኛ» አራት ሰዓት ተኩል፣ በ«ዝቅተኛ» ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ሊወጣ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና የተከተፈ የድንብላል ቅጠል ይጨመራል። ሎሚው በየሳህኑ ነው። ከሰዓት በፊት 4 ሰዓት ላይ በ«ዝቅተኛ» ከተጣደ ለማፍጠሪያ ሰዓት በደንብ ይደርሳል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሲገጣጠሙ ደግሞ ሁለተኛ ድስት እንጥዳለን። ጎረቤታችን ክርስቲያን ናቸው፤ እኛ ሥጋ ያለበትን ሾርባ ስናፈጥርበት እሳቸው ጾም ላይ ናቸው። ስለዚህ በጥቁሩ ድስት ምስርና ካሮት ያለበት፣ በዘይት ብቻ የተሠራ ሾርባ ይበስላል። መብራቱ ሾርባችንን ባስደፋን ቀን ያበሉን እሳቸው ናቸው፤ የምስር ሾርባ ነበር። አሁን ሳህኑ ባዶውን ተመልሶ አያውቅም፤ እኛም ባዶውን አንመልስም።

ማን ይጣደው?

ይህን ሁሉ ከጻፍን በኋላ አንድ እውነት ሳንናገር ብናልፍ ለእናታችን ታማኝ አንሆንም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ድስቶቹ ሥራዋን አላቃለሉላትም። ሾርባው በራሱ ሲበስል በተረፋት ጊዜ ሦስት ዓይነት ሳምቡሳ፣ ሙሽበክና ገንፎ ትጨምር ጀመር። እኛም ዝም ብለን በላን። ዕቃ የሰውን ጊዜ ነፃ ሊያወጣ ይችላል፤ ያንን ጊዜ መልሶ ለሥራ የሚያስረክበው ግን ልማድ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ተነጋገርን። ጠዋት ሽንኩርት የሚልጥ፣ የሚያቁላላና የሚጥድ በየተራ ከልጆቹ አንዱ ሆነ፤ ወንድ ሴት አልተባለም። የሳምቡሳው ዓይነት ወደ አንድ ወረደ። አባታችን የብረት ድስቱን የማጠብና ዘይት የመቀባት ኃላፊነት ወሰዱ፤ አሁን እሳቸው ሳያዩት ማንም አይነካውም። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ ማንም ወጥ ቤት እንዳይገባ ተስማማን።

መጀመሪያ እናታችን መቀመጥ አልቻለችም። ክዳኑን ልትከፍት ትነሳለች፤ «እማ፣ ግማሽ ሰዓት ይመለሳል» እንላታለን፤ ትቀመጣለች፤ ደግሞ ትነሳለች። ሳምንት ያህል እንዲሁ ሆነ። በኋላ ግን መስገጃዋን ይዛ መስኮቱ ሥር መቀመጥ ለመደች።

ባለፈው ረመዳን አንድ ማታ አዛን ሊል ጥቂት ሲቀረው እጇን ዘርግታ ለረጅም ጊዜ ቆየች። ምን እንደለመነች አልጠየቅናትም። አዛኑ ሲሰማ ቴምሩን መጀመሪያ ያነሳችው እሷ ነበረች። እኛም ተከተልናት።

ረመዳን ሙባረክ!